መስቀሎቹ የተኙበት ዓርብ

በ2015 ዓ.ም.፣ ወርኃ ጽጌ ነበር። ክረምቱ አልቆ መርካቶ ጭቃዋን ጨርሳ አቧራዋን የጀመረችበት ጊዜ። የደብራችን ንግሥ፣ የጥቅምት መድኃኔዓለም፣ እሑድ ይውል ነበርና ስለቴን ላስገባ እየተዘጋጀሁ ነበር። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከንግሡ በፊት ባለው ዓርብ ነው።

አስካለ እባላለሁ። ከአንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ መደዳ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ ጅቡቲ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ይበዛል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሶስና። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። የተወለደችው ያለ ወሯ ነው። ሐኪሞቹ "ጸልዩ" ከማለት በቀር ብዙም አላሉኝም። "ይህችን ልጅ ከሰጠኸኝ ለመቅደስህ መጋረጃ አለብሳለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ስለቴን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት።

በእኛ መደዳ ሰው የሚከበረው በሒሳቡ ፍጥነት ነው። ደንበኛው ልኩን ተናግሮ ሳይጨርስ ዋጋውን ካልነገሩት እግሩ ወደ ጎረቤት ያመራል። እኔ በዚህ ስም ነበረኝ። ካልኩሌተር ይዤ አላውቅም። ልጄም እንደኔ እንድትሆን ፈለግሁ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ባንኮኒው ኋላ አቆማትና በደንበኛ ፊት እጠይቃታለሁ።

"ስምንት በሰባት?"

ትንሽ ከዘገየች በብረት ሜትሬ ባንኮኒውን ቷ አደርጋለሁ።

"ቶሎ!" ቷ። "ቶሎ በይ እንጂ!"

ጎረቤቶች ይስቃሉ። ደንበኞች ከረሜላ ያሳዩዋታል። ክፋት አልመሰለኝም። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት።

ሶስና ግን ቶሎ የምትል ልጅ አልነበረችም። ቷ ባደረግሁ ቁጥር አፏ ላይ የመጣውን ትወረውራለች። "ሃምሳ አራት! አይ፣ ሃምሳ ስድስት!" ከዚያ ዓይኗን ፊቴ ላይ ትተክላለች፤ የቱ ላይ ፊቴ እንደሚፈታ ልታይ።

በዚያ ዓመት አዲስ የሒሳብ መምህርት መጣችባቸው። ቲቸር ራሔል ይሏታል። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። አሠራሯ ግን ግራ አጋባን። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ትሰጣለች። ልጆቹ ይከራከሩበታል። አንዱ ልክ ቢመልስ እንኳ "ጎበዝ" ብላ አታልፍም፤ "እንዴት አወቅህ?" ትላለች። የሌላው ክፍል ልጆች ደብተር በብዜት ተሞልቷል። የሶስና ደብተር ላይ ሣጥን፣ ቀስት፣ የተሰረዘ ሥዕል፣ ከሥሩ ደግሞ "ለምን?" የሚል ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ፈተና ሲመጣ የእነሱ ክፍል ውጤት ከጎረቤቱ ክፍል አነሰ።

ወላጆቹን የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም። በየሱቁ ዞሬ፣ በስልክ ደውዬ፣ ዓርብ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይዣቸው ገባሁ።

"ልጆቻችንን ወደ ኋላ እየጎተተቻቸው ነው" አልኩ። "ሥዕል እያሣለች ታውላቸዋለች።"

አንድ ብረታ ብረት የሚሸጥ አባት ቀበል አደረገኝ። "ልጄ በአንድ ሰዓት አንድ ጥያቄ ሠርቶ ይመጣል። እኔ በአንድ ሰዓት አንድ ደንበኛ ባስተናግድ ኖሮ ዛሬ የእሱን ክፍያ ማን ይከፍል ነበር?"

ሁሉም ሳቀ። ርዕሰ መምህሩም ፈገግ አሉ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ ወሰኑ።

"የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። ነገ ጠዋት የክፍሉን ወላጆች በሙሉ እጠራለሁ። ትቀጥል ወይስ ትሰናበት፣ እናንተው ድምፅ ትሰጣላችሁ። ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ ይጀምሩልናል።"

የሰው እንጀራ በእጄ ላይ መቀመጡ ገባኝ። አልከበደኝም።

ስንወጣ መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

"ወይዘሮ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"ሶስና ጥያቄ ስትመልስ የት እንደምታይ አስተውለው ያውቃሉ?"

"የት ታያለች?"

"አፌን። መስከረምን ሙሉ አፌን ነበር የምታየው። ልክ መሆኗን ከፊቴ ላይ ልታነብ። አሁን ገና ጥያቄውን ማየት ጀምራለች። ጊዜ ይስጧት። ለእኔ ብለው አይደለም።"

"መርካቶ ውስጥ ጊዜ በነፃ አይሰጥም፣ የኔ እህት" አልኳት።

ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ። መልሴ ለራሴም ጣመኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሱቄ የተመለስኩት እጄ እየፈጠነ ነው። ያሸነፈ ሰው እጁ ይፈጥናል።

የስለቱ ጨርቅ ሐሙስ ማታ ደርሶልኝ ነበር። ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ለምኜ ያስመጣሁት ቀይ ሳቲን ነው፤ ወርቃማ መስቀሎች የተሠሩበት፣ እግራቸው ረዘም ያለ። ሰባት ሜትር ብቻ ነበር የቀረው፣ እኔ የምፈልገውም ልክ ሰባት ነበር። የእግዚአብሔር ሥራ ነው አልኩ። ፊቱ እንዳይቆሽሽ መስቀሎቹ ወደ ውስጥ ሆነው ነው የተጠቀለለው። ጠርዙን ገለጥ አድርጌ አንዱን መስቀል ተሳልሜ መልሼ ሸፈንኩት። ሶስና ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ገልጣ ገልጣ ስታየው አመሸች።

የሚሰፉልኝ ጋሽ ከድር ናቸው። ስልጤ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን በረንዳዬ ላይ ዘርግተው ከእኔ በፊት ጀምሮ እዚያ አሉ። የደብራችንን መጋረጃም ሆነ የመስጊዱን ሰፈር ሙሽሮች መጋረጃ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው። መቀስ ከመነሣቱ በፊት ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ይዘረጉና "ራሱ ወዴት ነው?" ይላሉ። የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን ማለታቸው ነው። ሜዳ ጨርቅ ሲሆን እንኳ ይጠይቃሉ። እኔ ሁልጊዜ ይሰለቸኛል። "ጋሽ ከድር፣ ሜዳ ጨርቅ ራስ የለውም!" እላቸዋለሁ። "ሁሉም ነገር ራስ አለው፣ አስካለ። ከሰው በቀር" ይሉኛል።

በዚያ ዓርብ ለጁምዓ ከመሄዳቸው በፊት "ከሶላት ስመለስ አብረን እንቆርጠዋለን። እስከዚያ እንዳትነኪው" ብለውኝ ነበር።

ሶላቱ ጀመረ። እንደወትሮው መንገዱ በሰጋጅ ሞላ፣ መኪና ቆመ። መውጫ ያጡ ሁለት ሦስት ደንበኞች ሱቄ ውስጥ ቆመዋል። ሶስና ለምሳ መጥታ ጥግ ላይ ትበላለች። እኔ ጋሽ ከድር ሲመለሱ ተቆርጦ እንዲያገኙት ፈለግሁ። ምን አስቸኮለኝ? ምንም። ሒሳቡ ቀላል ነበር።

የሥራችንን ነገር ላስረዳችሁ። የዛሬ መጋረጃ ጨርቅ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው። እኛ ጨርቁን አጋድመን ወርዱን የመጋረጃው ቁመት እናደርገዋለን፤ ያኔ መሐሉ ላይ ስፌት አይኖርም። ከዚያ የበሩን ስፋት በሁለት ማባዛት ብቻ ነው፤ በሁለት የሚባዛው ለሽብሽቡ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተላከልኝ ልክ ቁመቱ ከነእጥፋቱ ሁለት ከሰማንያ፣ ስፋቱ ሦስት ተኩል ይላል። ሦስት ተኩል በሁለት ሰባት። መጋረጃው መሐል ለመሐል የሚከፈት ስለሆነ ሰባትን ለሁለት። ስንቱን መጋረጃ እንዲህ ቆርጬአለሁ።

ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ፣ ከጀርባው በኩል፣ ለክቼ መቀሱን አነሣሁ።

"እማ፣ ቆይ" አለች ሶስና።

"ምን ሆንሽ?"

"መስቀሎቹ... ሲሰቀል እኮ..."

ደንበኞቹ ዞር ብለው አዩዋት። ቷ አደረግሁ።

"ሰባት ለሁለት ስንት ነው?"

"እማ፣ እሱን አይደለም፤ እኔ እኮ የምለው..."

ቷ። "ስንት ነው ነው ያልኩሽ!"

ፊቴን አየችው።

"ሦስት ተኩል።"

"በቃ። ይኸው ነው።"

አንዱ ደንበኛ "ለዚህች ልጅ ካልኩሌተር ግዢላት" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መቀሱ ሳቲኑ ላይ ሲሄድ ድምፅ አልነበረውም። ሶስና ምሳዋን ሳትጨርስ ቦርሳዋን አንሥታ፣ መንገዱ ሲከፈት ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።

ጋሽ ከድር ሲመለሱ ሁለቱ ቁራጭ ታጥፎ ጠበቃቸው።  አንዱን አንሥተው፣ ደንበኛ መጋረጃ የምናሳይበት ዘንግ ላይ እንደሚሰቀለው አድርገው ሰቀሉትና ወደ ኋላ ራቅ አሉ።  የሚቀልዱ ሰው ዝም ሲሉ ያስፈራል።

"አስካለ" አሉኝ ቀስ ብለው። "መስቀሎቻችሁ ተኝተዋል።"

ቀና ብዬ አየሁ። በጨርቁ ርዝመት ቆመው የተሠሩት ወርቃማ መስቀሎች፣ ጨርቁ ስለተጋደመ ሁሉም በጎናቸው ተጋድመዋል። ከላይ እስከ ታች። እንደ ወደቀ ሰው።

 ጣቃ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ሒሳቡ ልክ ነው እኮ" አልኩ። ከአፌ የወጣው ያ ነው።

"ሒሳቡማ ልክ ነው" አሉ ጋሽ ከድር። "ሰባት ሜትር ነው። ማን እንዳይደለ አለ?"

"ብናቆማቸውስ? ጨርቁን ብናዞረው?"

አዞሩት። መስቀሎቹ ቆሙ። ነገር ግን አሁን ጨርቁ ከሚፈለገው በላይ ረዘመ፣ ወርዱ ደግሞ ጠበበ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑም በሩን የሚሸፍኑት ሽብሽቡ ሳስቶ ነው።

"ሲሳሳ ሻማ ከኋላው ሲበራ ውስጡን ያሳያል" አሉ። "የእናንተ መቅደስ ደግሞ መታየት የለበትም። ይህን እኔም አውቃለሁ።"

ለነጋዴው ደወልኩ። "እትዬ፣ የመጨረሻዋን ነው የሰጠሁሽ። ዱባይም ያለች አይመስለኝም" አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። የመጋረጃ ሱቆቹን ከዳር እስከ ዳር አዳረስኩ። ቀይ አለ፣ መስቀል የለውም። መስቀል አለ፣ ነጭ ነው። አንዱ ወጣት ሻጭ "አደይ አበባ ያለበት ልስጥሽ? ማን ያስተውለዋል?" አለኝ። ሳልመልስለት አለፍኩ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው ስለቱን አልነበረም። "እማ፣ ቆይ" የሚለው ድምፅ ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሶስና ከትምህርት ቤት መጥታ ከጣቃዎቹ ኋላ ተቀምጣለች። ጨርቁ እንደተሰቀለ ነው፤ አይታዋለች። ጋሽ ከድር መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው የማይሰሙ መስለዋል።

ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ ሳላውቅ እሷ ላይ አወረድኩት።

"አውቀሽ ነበር አይደል? ለምን አልነገርሽኝም?"

መሬት መሬት አየች።

"ቶሎ መናገር አልቻልኩም" አለችኝ።

ልትወቅሰኝ አልነበረም። ጥፋቷን የምትናዘዝ ነበር የምትመስለው። ልጄ በማሰቧ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። ያን ቃል ብዙ ጊዜ ልረሳው ሞክሬ አልሆነልኝም።

የብረት ሜትሩን ከባንኮኒው ላይ አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"አሁን ንገሪኝ። እንደፈለግሽ ቆይተሽ።"

አላመነችኝም። ጋሽ ከድርን አየች። እሳቸው ቅዱ የሚወጣበትን ካኪ ወረቀት ቀድደው ከጠመኔ ጋር ሰጧት። "እንኪ፣ ሶሲ። እናትሽ ዛሬ ሱቅ የላትም።"

ወረቀቱ ላይ ጨርቁን አሳንሳ ሣለች፤ ሜትሩን በአሥር ሴንቲሜትር እየተካች። አንዱን ቁራጭ ብቻ።

"ሌላውስ?" አልኳት።

"ሌላው እንደሱ ነው። አንዱን ከፈታን ሁለቱም ይፈታል።"

በመስቀሎቹ ፋንታ ቀስቶች ሣለችበትና ወረቀቱን ቆርጣ አወጣችው። ቀስቶቹ ወደ ላይ እንዲያዩ አዞረችው። ትክ ብላ አየችው።

"ከላይ ተርፏል። ከጎን ጎድሏል" አለች። የተረፈውን ከላይ ቆረጠችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጋደመ ቁራጭ ሆነ። እሱን አንሥታ ከጎን አቆመችው። ቁመቱ ከትልቁ ጋር ልክክ አለ፤ የጎደለውንም ሞላ።

"አላህ!" አሉ ጋሽ ከድር፣ እጃቸውን አጨብጭበው። እኔም "ተመስገን" ልል አፌን ከፈትኩ።

ሶስና ግን ራሷን ነቀነቀች። "አይሆንም። እዩት። በዚህኛው ላይ ያሉት ቀስቶች ተኙ።"

እውነትዋን ነው። ትልቁ ላይ ያሉት ቆመው፣ የቆመው ቁራጭ ላይ ያሉት ተጋድመዋል። በጩኸት ያጨበጨብነው እኛ አዋቂዎቹ አላየነውም።

ከዚያ ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። በረንዳው ላይ ተሸካሚዎች "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያሉ ያልፋሉ፣ ታክሲው "አውቶቡስ ተራ! አውቶቡስ ተራ!" ይጮኻል። እሷ የለችም። ጋሽ ከድር የታያቸው ነገር ኖሮ ሊናገሩ ሲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ተዉት። ከዚያ ጣቴ ባንኮኒውን ሊመታ ሲነሣ አየሁት። ሜትሩን ብደብቀውም እጄ አልተደበቀም። በሌላው እጄ ያዝኩት። ሁለቱንም እጄን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ጠበቅሁ።

ፊቴን አንድ ጊዜም አላየችም።

"እማ!" አለች ድንገት። "ቁራጩ ሙሉውን መዞር የለበትም። እያንዳንዱ መስቀል እንደቆመ ነው መሄድ ያለበት።"

ቀጭኑን ቁራጭ ወስዳ በአራት እኩል ቆረጠችው። አራቱም ጎናቸው እኩል የሆነ ትንንሽ ካሬ ሆኑ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀስቱ እንደቆመ ነው። አንዱን ከሥር፣ ሌላውን ከላዩ፣ ደግሞ ከላዩ፣ ደግሞ ከላዩ ደረደረቻቸው። ጎን ላይ ልክክ አሉ። ቀስቶቹ በሙሉ ወደ ላይ ያያሉ።

ጋሽ ከድር ከመኪናቸው ተነሥተው አጠገቧ ተንበረከኩ። አሁን አላጨበጨቡም። "እንዴት ልክ መጣ?" ብለው ጠየቋት፣ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው።

"ምንም አልጨመርንም፣ ምንም አልጣልንም፣ ጋሼ። ጨርቁ አልጎደለም ነበር። ቦታው ነው የተሳሳተው።"

"ስፌቱ ጥቂት ይበላል። ከእጥፋቱ አካክሰዋለሁ" አሉ። "መስቀሎቹም መሐላቸው ሰፊ ነው፤ ስፌቱ በሜዳው ላይ ያልፋል። ግን ይታያል።"

አሰበች። "ግድግዳው ዳር የሚሆነው ይሄ ጎን ቢሆንስ?"

"ዳር ከሆነማ ሽብሽቡ ይውጠዋል" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አስካለ፣ ይህችን ልጅ ለእኔ ስጪኝ። አንቺ ጨርቅሽን ሽጪ።"

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምስቀው።

ሱቁን ስንዘጋ ጠየቅኋት። "ይህን ቲቸር ራሔል ናት ያስተማረችሽ?"

"አይ። እሷ እንደዚህ ያለ አላስተማረችንም። ሳይገባን እንዳንቸኩል ብቻ ነው የምትለን።" ጥቂት ተራመድን። "እማ፣ ነገ ታባርሯታላችሁ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ክፍል ውስጥ ሁሉም ያውቃል። እናትሽ ናት አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ምንም። ዝም አልኩ።"

ጠዋት እኔ በአሸናፊነት ስስቅ፣ ልጄ ከሰዓት በኋላ በጓደኞቿ መሐል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ያም ሆኖ ወረቀቱን ተቀብላ ስለቴን አቀናችልኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልፈርድባችሁ አይደለም። መጀመሪያ የሚፈረድባት እኔ ነኝ። አምላኬን ልጄን ስለሰጠኝ በየዕለቱ እያመሰገንኩ፣ ለእሷ የሰጣትን አእምሮ በብረት ሜትር ሳስደነግጥ ኖሬአለሁ። ፍጥነቷን እንጂ እሷን ጠይቄአት አላውቅም። ፈጥኖ ማስላት አይጠቅምም አልልም፤ ዛሬም የምበላው በእሱ ነው። ነገር ግን ያን ቀን ሰባት ሜትር ልክ ነበር፣ ሦስት ተኩልም ልክ ነበር፣ መስቀሎቹ ግን ተኝተው ነበር። ቁጥሩ የጨርቁ ራስ ወዴት እንደሆነ አይነግራችሁም። ያን የሚያየው ቆም ያለ ሰው ነው።

ሶስና ዛሬም ፈጣን አይደለችም። ስትዘገይ መታገሥ እየለመድኩ ነው። ጾም አውቃለሁ፤ ልጅ እያሰበች አፍን መዝጋት ግን ከጾምኩት ጾም ሁሉ ይከብዳል። አንዳንዴ እሸነፋለሁ። መጋረጃው ለንግሡ ደረሰ፣ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁን። ሰው "እንዴት ያምራል" ሲለኝ እኔ ዳር ዳሩን አያለሁ። ደስታዬ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ስለቴን ያስገባሁት በልጄ እጅ መሆኑን፣ እሷንም እኔ እያስደነገጥኩ ማሳደጌን አውቀዋለሁና።

በዚያ ዓርብ ማታ ግን ገና አንድ ነገር ይቀረኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ኪዳን አድርሼ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የክፍሉ ወላጆች በልጆቹ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ቲቸር ራሔል በር አጠገብ ቆማለች። ርዕሰ መምህሩ እንደተባባልነው ወደ እኔ አዩ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ይጀምሩልን።"

ተነሣሁ። 

"ትናንት የተናገርኩት ስሕተት ነው" አልኩ።

ብረት ነጋዴው ዞር አለ። "እንዴ አስካለ! የሰበሰብሽን አንቺ፣ የምትበትኚን አንቺ?"

"አዎ። ሁለቱም እኔ ነኝ።"

የጨርቁን ነገር ነገርኳቸው። ራሴን ሳላሳምር። ሜትሩን፣ ደንበኞቹን፣ ሳቄንም ነገርኳቸው። "ልጄ አውቃ ነበር። እንዳትናገር ያደረግኋት እኔ ነኝ። ይህች መምህርት እኔ የዘጋሁትን አፍ ነው የምትከፍተው" አልኩ። የሚስቅ አልነበረም። የሚያጨበጭብም አልነበረም።

አንዲት እናት ከኋላ "ጥሩ፤ ታዲያ በፈተና ቢወድቁስ?" አለች።

"አላውቅም" አልኳት። 

ወደ በሩ ሄጄ ከመምህርቷ ፊት ቆምኩ። "ትናንት በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። በሰው ፊት ይቅር በዪኝ" አልኳት። ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አነሣችኝ። 

ርዕሰ መምህሩ ወደ ፊት መጡ። "እንግዲህ መምህርት ራሔል ትቀጥል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።"

 ሁሉም ሌላው ምን እንደሚያደርግ ሊያይ አንገቱን ያዞራል።

እኔ እጄን አነሣሁ። ከኋላዬ ስንት እጅ እንደተነሣ ለማየት አልዞርኩም። ቆጥረው እስኪጨርሱ ድረስም አላወረድኩትም።